ባሌ «አልፈርምም» ብሏል፤ የልጄ የኮሌጅ ገንዘብስ?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ ከመጣን 9 ዓመት ሆነን። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን 12ኛ ክፍል ናት፣ ነርሲንግ መማር ትፈልጋለች። ትምህርት ቤቷ ‹ፋፍሳ ሙሉ› የሚል ወረቀት ላከ፤ የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ ዕርዳታ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው አሉ። እሷ በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች። አባቷ ግን ‹ይሄ ዕዳ ነው፤ ደግሞ ገቢያችንን ለማንም አልናገርም፤ አልፈርምም› ብሎ ቁጭ ብሏል። አንድ የምናውቀው ሰው ‹250 ዶላር ክፈሉኝና እሞላላችኋለሁ› ብሎናል። በዚህ ላይ ባለፈው ወር ዕቁብ ደርሶኝ ገንዘቡ ባንክ ነው ያለው። አዲስ አበባም ያከራየነው ኮንዶሚኒየም አለን። ይሄ ሁሉ ይቆጠርብናል? እውነቱን ልንገርሽ፣ ወረቀቱን ሳገላብጠው ልጄ ‹እማዬ ተይው፣ አይገባሽም› አለችኝ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።
የበኩሯ እናት»

እህቴ፣ የደብዳቤሽን መጨረሻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕቁቡም ኮንዶሚኒየሙም መልስ አላቸው፤ እንደርስባቸዋለን። መጀመሪያ ግን ስለዚያች «አይገባሽም»። ልጅሽ ተሳስታለች። እንግሊዝኛው ይቀላታል እንጂ ቅጹ የሚጠይቀውን እሷም አታውቀውም። ታክስ የምታቀርቡት በጋራ ነው በየግል? ባለፉት ሁለት ዓመታት ቤት ውስጥ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ያገኘ ሰው ነበር? ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም ነው? ይሄን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሷ ትጻፍ፣ አንቺ መልሺ። ላፕቶፑ እሷ ፊት ይሁን፣ የወረቀቱ ፌስታል አንቺ ጭን ላይ። (ያ ፌስታል የሌለበት የሐበሻ ቤት አላየሁም። ሶሻል ካርድ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበት)፣ የክትባት ወረቀት፣ የ2017 የስልክ ቢል ሳይቀር ያለበት።)

አሁን ወደ ባልሽ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። ፋፍሳ ማመልከቻ ነው። ስሙ ውስጥ ያለችው የመጀመሪያዋ «ኤፍ» ራሷ «ፍሪ» ማለት ናት፣ ነፃ። ቅጹን ስለሞላችሁ ማንም ዕዳ አይጽፍባችሁም። ሞልታችሁ ስትልኩ መረጃው ልጅቷ ወደመረጠቻቸው ኮሌጆች ይሄዳል። እነሱ ከተቀበሏት በኋላ «ይሄን ያህል ልንሰጥሽ እንችላለን» ብለው ይጽፉላታል። በዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ገንዘብ አለ። ግራንት የማይመለስ ነው። ወርክ ስተዲ ልጅቷ እየተማረች ሠርታ የምታገኘው ነው። ሦስተኛው ብድር ነው። ብድሩን «አልፈልግም» ብላ ግራንቱን ብቻ መውሰድ ትችላለች። ባልሽ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የሰማው የብድሩን ወሬ ነው። ፔል ግራንት ያገኘ ሰው ቡና ቤት መጥቶ ሲያማርር አይሰማም።

ፔል ግራንት የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው ዋናው የማይመለስ ገንዘብ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ምን ያህሉ እንደሚደርሳችሁ በገቢያችሁና በቤተሰባችሁ ብዛት ይወሰናል። እኔ ከዚህ ሆኜ ቁጥሩን ልነግርሽ አልችልም። ቅጹን ላልሞላ ቤት ግን ዜሮ ነው።

«ገቢዬን ለማንም አልናገርም» ላለው ደግሞ ይሄን ንገሪው። በየዓመቱ ታክስ ያቀርባል አይደል? ገቢውን መንግሥት ያውቀዋል። አሁን ቅጹ ራሱ ፈቃድ ጠይቆ የታክሱን ቁጥር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በቀጥታ ይወስዳል። ልጅቷ ከመረጠቻቸው ኮሌጆችና ከክልሉ መንግሥት ዕርዳታ ሰጪዎች ውጭ ጎረቤት አያየውም፣ የማኅበር ሰው አያየውም። ፈቃዱ ካልተሰጠ ግን ልጅቷ ከፌዴራል መንግሥት ምንም አታገኝም። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ቀጥሎ ያለውን ለብቻሽ አንብቢው። ታክስ በጋራ የምታቀርቡ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ቅጹ የሚፈልገው የአንድ ወላጅ ፈቃድና ፈርማ ብቻ ነው። አንቺ ትበቂያለሽ። የሱ ስም፣ የልደት ቀንና ሶሻል ይጠየቃል፤ ፈርማው ግን አይጠየቅም። በየግል የምታቀርቡ ከሆነ ሁለታችሁም መግባት አለባችሁ።

ታዲያ ይሄን ስላወቅሽ በድብቅ ሞልተሽ እንዳትልኪ። ኮሌጁ ነገ «መረጃችሁን እናጣራ» ብሎ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ የኡበሩ ወረቀት ያለው እሱ ጋ ነው። ደግሞስ ልጅቷ ኮሌጅ ስትገባ አባቷ የማያውቀው ገንዘብ ምን ሊሆን ነው? ፊት ለፊት ንገሪው። «ያንተ ፈርማ አያስፈልግም ተብሏል፤ ቅዳሜ ማታ እኔና ልጅቷ ልንሞላው ነው፤ ከፈለግክ ቁጭ በል።» የማውቃቸው «አልፈርምም» ባዮች ፈርማቸው እንደማያስፈልግ ሲሰሙ ወንበር ስበው የሚጠጉ ናቸው።

250 ዶላር የጠየቃችሁን ሰውዬ አመስግናችሁ ሸኙት። ብሩ አይደለም ዋናው ነገሬ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አካውንቱን በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ይከፍተዋል። በዓመቱ ኮዱ የሚላከው ወደሱ ስልክ ነው፤ እናንተ ደግሞ እንደገና 250 ዶላር ይዛችሁ ደጁ ትቆማላችሁ። ያ አካውንት በሕግ እንደ ፈርማሽ ነው የሚቆጠረው። የቤትሽን ቁልፍ ሰጥተሽው እንደመሄድ ነው። የልጅሽ ካውንስለር (የትምህርት ቤቷ አማካሪ) በነፃ ይረዳችኋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወላጆች መጥተው አብረው የሚሞሉበት ምሽት አላቸው። መቼ እንደሆነ ትጠይቅልሽ።

አካውንቱን እንዴት እንደምትከፍቱ ልንገርሽ፤ የኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ድረ ገጹ ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ነው። መጨረሻው «ጎቭ» ካልሆነ ውጡ። አንቺ የራስሽን ትከፍቻለሽ፣ ልጅሽም የራሷን። አንድ ኢሜይል ለሁለት ሰው አይሆንም። የትምህርት ቤት ኢሜይሏንም አታስገባ፤ ስትመረቅ ይዘጋባታል።

ስምሽን የምትጽፊው ሶሻል ካርድሽ ላይ እንዳለው ነው። ሰው እንደሚጠራሽ ወይም መንጃ ፈቃድሽ ላይ እንዳለው አይደለም። ሶሻል ካርዱን አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አድርጊውና ፊደል በፊደል ገልብጪ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ጊዜ ይሄን አላወቅኩም ነበር። የአባቴ ስም ፀሐይ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምራል፣ ሶሻሌ ላይ በ«ኤስ» ብቻ። አንዲት ፊደል! አካውንቱ «አልተረጋገጠም» እያለ አንድ ሳምንት አንከራተተኝ። እንግሊዝኛዬ ነው እንጂ ፊደል ነው ብዬ መች ጠረጠርኩ። ሌሊት ከሥራ ገብቼ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ነው ያየሁት።

የልደት ቀንም እንደዚያው ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲመነዘር አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቀን፣ ሌላው ላይ ሌላ የሆነበት ሰው ሞልቷል። ትክክለኛውን እናትሽ ታውቀው ይሆናል፤ ቅጹ የሚፈልገው ግን ሶሻል ሴኩሪቲ የመዘገበውን ነው። አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ እስኪረጋገጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቅዳሜ ልትሞሉ ካሰባችሁ ማክሰኞ ክፈቱት። ልጅሽ አንቺን በቅጹ ስትጋብዝሽም ኢሜይልሽን ሳትሳሳት ታስገባ። የአያት ስምሽ ከእሷ የተለየ መሆኑ አያሳስባችሁ። ፈረንጁ የመጨረሻ ስም የሚለው እኛ ቤት ለየሰው የተለያየ ነው፤ ቅጹ አንድ እንዲሆን አይጠይቅም።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፤ ዜግነት ወስዳችኋል ወይስ በግሪን ካርድ ናችሁ? በግሪን ካርድ ከሆነች ልጅሽ ምንም አትጎድልም። በ«ኤ» የሚጀምረውን ቁጥሯን ታስገባለች። የሚያደናቅፈው ሌላው ነው። አንቺ ወይም አባቷ ዜጋ ስትሆኑ እሷ ከ18 ዓመት በታች ሆና፣ ግሪን ካርድ ይዛ አብራችሁ ትኖር ከነበረ እሷም ያኔውኑ ዜጋ ሆናለች። ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ይሄን በራሱ አያውቅም። ፋይሏ ላይ ዛሬም «ዜጋ ያልሆነች» እያለ ሊቀመጥ ይችላል። «ዜጋ ነኝ» ብላ ስትሞላ አይገጥምም፤ ኮሌጁም ማስረጃ ይጠይቃታል። የአሜሪካ ፓስፖርቷን ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂዱና አስተካክሉት። ይሄን ለሚያነቡ ሌሎችም ልጨምር፤ ወላጅ ሶሻል ባይኖረውም፣ ወረቀት ባይኖረውም፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ልጁ ከማመልከት አትከለከልም። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ተማሪዎች ግን ከፌዴራሉ አያገኙም። እነሱ የኮሌጁን የራሱን ስኮላርሺፕ ይጠይቁ።

አሁን ዕቁቡ። ቅጹ ስለ ቁጠባ ሲጠይቅ የሚፈልገው በምትፈርሚበት ቀን አካውንትሽ ውስጥ ያለውን ነው። እንደውም ሁሉም ቤተሰብ አይጠየቅም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ ያገኘ ሰው ቤት ውስጥ ካለ የቁጠባው ጥያቄ ሊዘለል ይችላል። ካልተዘለለም አትደንግጪ። ከወላጅ ቁጠባ የሚታሰበው በጣም ትንሽ ነው፤ ቢበዛ ከ6 በመቶ በታች። 10,000 ዶላር ባንክ ቢኖርሽ ቢበዛ 564 ዶላር ነው የሚታሰብብሽ። ለ564 ዶላር ብለሽ ዕቁቡን «ያዥልኝ» ብለሽ ለእህትሽ አታሸክሚ። በሐሰት የሚፈርም ሰው እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራትም ጭምር እንደሚጠብቀው ቅጹ ራሱ ይናገራል።

ቅጹ የማያይልሽ ነገርም አለ። የክሬዲት ካርድ ዕዳ አይቀንስልሽም። ገና የምትከፍዪውን የዕቁብ ዙርም አያውቅም፤ ለፈረንጅ ዕቁብን ማስረዳት ራሱ ሌላ ፋፍሳ ነው። ስለዚህ ክሬዲት ካርድ ካለብሽ፣ መኪናው ጎማ ከፈለገ፣ ለማንኛውም መክፈልሽ የማይቀር ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት ክፈዪው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፤ ገንዘቡ እውነትም ወጥቷል። ብቻ አደራ፣ ዕቁቡን በልጅሽ ስም ባለ አካውንት እንዳታስቀምጪው። በተማሪው ስም ካለ ገንዘብ የሚታሰበው 20 በመቶ ነው። ያው 10,000 ዶላር በእሷ ስም 2,000 ይሆናል።

የምትኖሩበት ቤት የራሳችሁ ከሆነ ፋፍሳ አይቆጥረውም። የጡረታ ቁጠባችሁንም አይቆጥርም። ኮንዶሚኒየሙ ግን የማትኖሩበት ቤት ስለሆነ የንብረቱ ጥያቄ ከመጣ ይቆጠራል። «አገር ቤት ያለውን ማን ያያል» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ አትስሚው። ዛሬ ቢሸጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስልተሽ፣ ያለበትን የባንክ ዕዳ ቀንሰሽ፣ በዶላር መንዝረሽ ጻፊ። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪውን ግን ቅጹ አይጠይቅሽም። እኔም ቅር ይለኛል። የቤታችን ግማሽ በጀት ባሕር ማዶ እንደሚሄድ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አልታየውም።

ገቢው የሚታየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ልጅሽ በ2026 ፎል (በመኸሩ መንፈቅ) ላይ የምትጀምር ከሆነ የሚወሰደው የ2024 ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባልሽ መኪና ተበላሽቶበት ሥራ ከፈታ ወይም አንቺ ሰዓት ከተቀነሰብሽ መጀመሪያ ቅጹን እንዳለ ላኩ። ከዚያ ለኮሌጁ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ጻፉ፤ «ሁኔታችን ተለውጧል፣ እንደገና እዩልን» በሉ። ሥልጣኑ አላቸው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ማስረጃው ይያያዝ። የኛ ሰው ይሄን ልመና ይመስለውና ያፍራል፤ እነሱ ግን በየዓመቱ የሚያስተናግዱት ተራ ጉዳይ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ቅጹ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ገደማ ይከፈታል። የፌዴራሉ ቀነ ገደብ ሩቅ ነው፤ እሱን አይታችሁ እንዳትዘናጉ። ቨርጂኒያ ውስጥ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ቀን አለው፤ ልጅሽ የሁሉንም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ትለጥፍ። (ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ የሜሪላንድን የማርች 1 ቀን ያዙ።) አንዳንድ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ ይጠይቃሉ። እሱ ይከፈልበታል፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ግን ነፃ ነው። የምትኖሩበትን ቤት ሳይቀር ይጠይቃል፣ አትገረሙ።

ነርሲንግ ብላለች አይደል? ኖቫን፣ የሰሜን ቨርጂኒያውን ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ አትናቁት። «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምን ያደርጋል» የሚል የሰርግ ቤት ወሬ አለ፤ እኔ አልቀበለውም። ሁለት ዓመት እዚያው አጠገባችሁ ተምራ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ትችላለች። ቨርጂኒያ ጂ-ስሪ የሚባል ፕሮግራምም አላት፤ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ላልበለጠ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የጤና ሙያን ጨምሮ በተመረጡ መስኮች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። የሱም መግቢያ በር ያው ፋፍሳ ነው።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ አንብቡት፣ በትልቁ ቁጥር አትሸወዱ። እንበል አንዱ ኮሌጅ የዓመት ወጪው 34,000 ዶላር ነው፤ «30,000 ሰጠንሽ» ይላል። ዝርዝሩን ስታዩት 9,500ው ግራንት ነው። 5,500ው የልጅቷ ብድር ነው። 15,000ው ፓረንት ፕላስ የሚባል በአንቺ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ሌላው ኮሌጅ ወጪው 22,000 ሆኖ 11,000 ግራንት ብቻ ሰጣት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ያምራል፤ ከኪስም ሆነ በብድር የምትሸፍኑት ግን 24,500 ነው። የሁለተኛው 11,000 ብቻ። ብዕር ይዛችሁ «የማይመለስ» የሚለውን ብቻ ከወጪው ቀንሱ።

ባልሽ የፈራው ዕዳ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የልጅቷ የራሷ የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 3,500ው እስክትጨርስ ወለዱን መንግሥት የሚከፍለው ሊሆን ይችላል። እሱን ካስፈለጋት ብትወስድ አልከፋም። ፓረንት ፕላስ ግን ካንቺ ጋር ያረጃል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንኳን ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ለነርሲንግ ሆም ደሞዝ ግን ጣሪያው ራሱ ሰማይ ነው። እኔ ብሆን እሱ መስመር ላይ ኤክስ አደርግበታለሁ። ይሄን ለባልሽ አሳዪው። «አየሽ፣ ብዬሽ ነበር» ይበል፤ ይበል፣ እዚህ ላይ ልክ ነው።

በሉ እንግዲህ ቅዳሜ ይሁንላችሁ። ቡና አፍዪና ተቀመጡ። ሞልታችሁ ስትጨርሱ የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሱት። የሁለታችሁን አካውንት ስምና የይለፍ ቃል ደብተር ላይ ጻፉና እዚያ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ ከ2017ቱ የስልክ ቢል በላይ። ፋፍሳ በየዓመቱ ነው የሚሞላው፤ በመጪው ኦክቶበር ትፈልጉታላችሁ። «የመጀመሪያ ልጃችን» ብለሽኛል፤ ታናሽየው ስንተኛ ክፍል ደረሰ?